የወይዘሮ ትርንጎ ቁጥር በሦስት ስለመካፈሉ

በሁለት ሺህ ዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር አሥራ አምስት ቀን፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በደብረ ብርሃን ከተማ በጠባሴ ሰፈር ያሉት ድምፅ ማጉያዎች ሁሉ ዘፈናቸውን አቋረጡ። መለከት ተነፋ። ከዚያም የወይዘሮ ትርንጎ አበጋዝ አዲሱ ቁጥር በሁለት የማይካፈል፣ ማለትም ኢ-ተጋማሽ መሆኑ ለሕዝብ በይፋ ተገለጸ።

ትርንጎ በዚያ ሰዓት በረንዳዋ ላይ ቆማ የባሏን ሹራብ እየጨመቀች ነበር። ከላይም ከታችም መስኮቶች ተከፈቱ።

«እንኳን ደስ ያለሽ!» አለች ከፊት ለፊቱ ሕንፃ ወይዘሮ ይታጠቁ።

«እንኳን አብሮ ደስ ያለን» አለች ትርንጎ፣ ወጉ ነውና።

ከከተማው ሰው ግማሹ ኢ-ተጋማሽ ነው። ይህ ግን ማንንም እንኳን ደስ ያለሽ ከማለት አግዶ አያውቅም። በየአሥር ዓመቱ ቁጥር ይታደሳል፤ ሲታደስ መሣሪያው የለየው ጠባዩ ይነገራል፤ ጠባዩ ሲነገር ሰው ደስ ይለዋል። ትርንጎ ሹራቡን ገመድ ላይ ልታሰጣ ስትል ድምፅ ማጉያው ጉሮሮውን ጠረገና ቀጠለ።

«በተጨማሪም ቁጥሩ ብቸኛ ነው።»

መስኮቶቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ይታጠቁ የራሷን ስትዘጋ፣ ትርንጎ እንዳትቀየማት፣ ነፋሱ የገፋው አስመሰለች። ነፋስ አልነበረም።

ብቸኛ ቁጥር ማለት ከአንድና ከራሱ በቀር በምንም የማይካፈል ቁጥር ነው። በቁጥሩ ላይ ክፋት የለበትም፤ ክፋቱ ያለው በመኖሪያ ቤት መመሪያው ላይ ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲኖሩ የሁለቱንም ቁጥር የሚያካፍል አንድ ሌላ ቁጥር መገኘት አለበት፤ ሁለትም ይሁን፣ ሦስትም ይሁን፣ መቶ አንድም ይሁን። ቁጥሩ ብቸኛ የሆነበት ሰው ይህ የለውም። ስለዚህ በገዛ ቤቱ አሥራ አራት ቀን በእንግድነት ይቆይና በአንጎለላ መንገድ ወዳለው የብቸኞች ሕንፃ ይዛወራል። እዚያ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበርና አንድ ብርጭቆ ይሰጠዋል። ንጹሕ ነው ይላሉ።

በሰፈሩ ውስጥ ቁጥሩ የሚያስቀና ሰው አቶ ገላጋይ ነው። የእሱ ቁጥር በሁለትም፣ በሦስትም፣ በአምስትም፣ በሰባትም ይካፈላል። ሦስት ጊዜ ሲያገባ አንድም ቀን ቢሮ አልተመላለሰም።

የትርንጎ ባል መምህር ወልደየስ ይባላል። ሒሳብ አስተማሪ ነበር። «መሣሪያው ካወቀ ሰው ቢያውቅ ድግግሞሽ ነው» ተብሎ ሒሳብ ከትምህርት ቤት ሲነሣ፣ እሱን ጥርስ አፋፋቅ እንዲያስተምር መደቡት። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አሥራ ሁለት ዓመት ጥርስ አፋፋቅ አስተማረ። ዛሬም ሲቦርሽ ከንፈሩ ይቆጥራል።

ትርንጎ ወደ ውስጥ ገብታ ካርዷን ሰጠችው። 4718 0593 6627 1847 ይላል። መነጽሩን እንኳ አላደረገም።

«በሦስት ይካፈላል» አለ።

«ምን?»

«በሦስት ይካፈላል ነው የምልሽ። አኃዞቹን አንድ በአንድ ደምሪያቸው። ድምሩ በሦስት ከተካፈለ ቁጥሩም ይካፈላል። የእኔም ቁጥር በሦስት ይካፈላል። አለቀ። ሻይ የለም?»

«እንዴት ነው የሚያልቀው? መሣሪያው ብቸኛ ነው ብሏል እኮ!»

«መሣሪያው አያካፍልም፤ ይገምታል። ሲያየው ብቸኛ መሰለው። እውነቱን ለመናገር ፊቱ ብቸኛ ይመስላል፤ አልፈርድበትም።»

«ታዲያ አንድ ሰው ደምሮ አያየውም?»

«ዓይን ያለው ያየዋል።»

«ዓይን ያለው ማን አለ? ያለው መስኮቱን የሚዘጋ ነው!» አለችና ካርዷን ከእጁ ነጠቀችው።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ዳቦ ገዝታ ስትመለስ በሩ አልከፈተላትም።

«እንግዳ መጥተዋል» አለ በሩ። «ይግቡ ወይስ ይመለሱ?»

«ይግቡ» አለ ወልደየስ ከውስጥ።

«ስንት ቀን ይቆያሉ?»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ቆይታለች።»

«ስንት ቀን ይቆያሉ?» አለ በሩ፣ በዚያው ድምፅ።

«አሥራ አራት» አለ ወልደየስ።

ገባች። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ለእንግዳ የሚፈቀደውን ግማሽ ባልዲ ውኃ ሰጥቷት ዘጋ። ማዕድ ሲቀርብ በሩ እንደገና ተናገረ፤ «ለእንግዳዋ ወንበር ቀርቦላቸዋል?» አለ። ወልደየስ ቀርቦላቸዋል አለና ወደ እሷ ዞሮ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለ።

«ብዪ እንጂ፣ አፈር ስሆን! ምነው እንደ ባዳ ተግደረደርሽ? ቤቱ ቤትሽ ነው።»

«ወልደየስ፣ ዛሬ ቀልድህን ዋጠው።»

«እኔማ እንግዳ ላስተናግድ ብዬ ነው።»

«በዚህ ጭልፋ ነው የማስተናግድህ!»

ጉርሻውን መልሶ ትሪው ላይ አኖረው። እሷም አየችው፤ ከመጀመሪያውም አልሳቀም ነበር፣ ትሪው በእሱ በኩል ሳይነካ እንዳለ ነበር።

«አንጎለላ መንገድ ጉብኝት በሳምንት አንድ ሰዓት ነው አሉ» አለ፣ እጁን እያየ። «ጠየቅሁ።»

ረቡዕ ጠዋት የቁጥር ጠባይ ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ሄደች። ብርዱ የደብረ ብርሃን የኅዳር ብርድ ነው፤ ሰልፉ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ቆሟል። ሦስት ሰዓት ሲሆን ሠራተኞቹ ከየመስኮታቸው ጀርባ ተነሥተው፣ ቀኝ እጃቸውን አንሥተው፣ የየዕለቱን ቃለ መሐላ ፈጸሙ፤ «ዛሬም በገዛ ጭንቅላቴ አልደምርም፣ አልቀንስም፣ አላባዛም፣ አላካፍልም።» ከዚያ ተቀመጡና ሻይ አዘዙ።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል መስኮት አራት ደረሳት። ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ልጅ ምንተስኖት ይባላል፤ ደረቱ ላይ ተጽፏል። ፊቱ ትሑት፣ ጥፍሩ የተሞረደ ነው።

«ምን ልታዘዝ እናቴ?»

«ቁጥሬ ብቸኛ ነው ተብሏል፤ አይደለም። በሦስት ይካፈላል።»

«ማን አለ?»

«ባለቤቴ።»

«ባለቤትዎ ባለጉዳይ ናቸው፤ ስለ ቁጥርዎ መናገር አይችሉም።»

«እሺ እሱ አይናገር፤ ይኸው ወረቀቱ ይናገር» ብላ ወልደየስ ያካፈለበትን ወረቀት በመስኮቱ አሾለከች። በረድፍ በረድፍ የተሠራ ነው፤ ላዩ ላይ 1572 6864 5542 3949 ይላል፣ ታቹ ላይ ቀሪ ዜሮ።

ምንተስኖት ወረቀቱን የሰው መሐረብ የያዘ ይመስል በሁለት ጣቱ ጫፍ ያዘው።

«ይኼ በእጅ የተሠራ ነው።»

«አዎ በእጁ ነው የሠራው። በእግሩ አይጽፍም።»

«ማኅተም የለውም።»

«አንተ ልጅ፣ ማካፈል ማኅተም ምን ያደርግለታል?»

«እናቴ፣ እኔን አይቆጡኝ። ሲስተሙ ብቸኛ ካለ ብቸኛ ነው። ይግባኝ ካሉ መመሪያው ይፈቅዳል፤ ሦስት ምስክር ያመጣሉ። ዝምድና የሌላቸው፣ ከወንጀል ነፃ የሆኑ፣ ቁጥሩን በቅርብ የሚያውቁ።»

«ቁጥሩ ከተሰጠኝ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው! በቅርብ የሚያውቀው ከየት ይመጣል?»

«እሱን እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ» አለና «ቀጣይ!» ብሎ ተጣራ። ትንሽ ቆይቶ፣ እሷ ዞር ስትል፣ ወረቀቱን ከመመለሱ በፊት አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች አየው። ረጅም አየው። ከዚያ መለሰላት።

ምስክር ፍለጋ አራት ቀን ፈጀ። ይታጠቁ በመስኮቱ ነገር ሳታፍር አልቀረችም፤ ሳትለመን እሺ አለች። ጡረተኛው ሻምበል ድንቁ ዩኒፎርሙን ለመልበስ ምክንያት አገኘ። ሦስተኛ ሰው ሲጠፋ አቶ ገላጋይ ራሱ መጣ።

«ሦስት ሰው ሲፈለግ እኔን ማለፍ ምን ማለት ነው?» አለ ተቀይሞ። «በሰፈሩ ውስጥ ከእኔ የተሻለ የሚካፈል ማን አለ?»

ማታ ማታ ወልደየስ ምስክሮቹን ሳሎን አስቀምጦ አስጠናቸው። አኃዞቹን እንዲደምሩ ሊያሳያቸው ሲሞክር ሻምበል እጁን አነሣ።

«የለም፣ የለም፣ መምህር። እኛ ምስክር ነን እንጂ ሒሳበኛ አይደለንም። ደመርን ብንል ከየት ተማራችሁት ይሉናል። የምንለውን ብቻ ንገረን።»

«በሦስት ይካፈላል በሉ።»

«በቃ?»

«በቃ። ሌላ ምንም አትጨምሩ።»

ማክሰኞ፣ ኅዳር ሃያ ሦስት ቀን፣ ምስክሮቹ ቀረቡ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ይኄይስ ከፍ ባለው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ጉዳይ ከመስማቱ በፊት የደከመው ዓይነት ነው። ወልደየስ ከኋላ እንዲቀመጥና አፉን እንዲዘጋ ታዘዘ።

መጀመሪያ ይታጠቁ ማለች።

«ቁጥሩን አውቀዋለሁ። ጨዋ ቁጥር ነው። ካንዱ ደርሶ ካንዱ ሲጣላ አላየሁም። በሦስት ይካፈላል።»

ሻምበል ድንቁ ተረከዙን አጋጨ። «በሦስት ሲካፈል ቆሜ ተመልክቻለሁ ጌታዬ! ቀሪ የሚባል ነገር አልታየም!»

አቶ ይኄይስ አንገታቸውን እየነቀነቁ ጻፉ። ትርንጎ ነጠላዋን አጣፋች፤ ነገሩ የሚያልቅ መሰላት። አቶ ገላጋይ ተነሣ።

«በሦስት ይካፈላል» አለ።

«ጥሩ» አሉ አቶ ይኄይስ።

ገላጋይ ሊቀመጥ ብሎ አልሆነለትም። ወደ ትርንጎ አየ፣ ወደ ሕዝቡ አየ። ደግነቱ አሸነፈው።

«በሦስት ብቻ ግን አይደለም! በሁለትም ይካፈላል! በአምስትም ይካፈላል! የትርንጎ ቁጥር ለማን ያንሳል? እንኳን ለሦስት ለመቶም አይሰስት!»

ከኋላ ወልደየስ በመዳፉ ግንባሩን ሲመታ ተሰማ።

አቶ ይኄይስ መዝገቡን ገለጡ። «ቁጥሩ በሁለት እንደማይካፈል ኅዳር አሥራ አምስት ቀን በመለከት ታውጇል» አሉ። «ምስክሮች እርስ በርሳቸው አልተስማሙም። ውሳኔ ለኅዳር ሃያ ዘጠኝ።»

ትርንጎ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ከፊት ከፊት ሄደች። እዚያ ስትደርስ ዞረች።

«አቶ ገላጋይ፣ ሁለትን ማን አመጣው?»

«እህቴ፣ ታዲያ ሰው ፊት ‹በሦስት ብቻ› ብዬ ላዋርድሽ?»

ሰውዬው ከልቡ ነው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

ቀሪውን ሳምንት በቤቱ ውስጥ እንደ እንግዳ ኖረች። በሩ በየቀኑ የቀረውን ይነግራታል፤ «አምስት ቀን ቀርቶዎታል፤ ቆይታዎ ተመችቶዎታል?» ይላል። አንድ ቀን በመጥረጊያ መታችው። «አስተያየትዎን ተቀብለናል» አለ። ወልደየስ ከወረቀቱ አልተነሣም፤ ይግባኝ፣ የይግባኝ ይግባኝ፣ ደግሞ እንደገና ማካፈል። አንድ ጊዜ፣ «ሠላሳ ጊዜ አካፈልኩት፤ ሠላሳውንም ጊዜ ዜሮ ነው» አላት።

«ሠላሳ ጊዜ ለማን ነው የምታካፍለው?»

«ካልሠራሁት እኔም መጠራጠር እጀምራለሁ» አለ።

ከሁሉም ይህ ነው ያስፈራት።

ኅዳር ሃያ ዘጠኝ ቀን አዳራሹ ሞላ። የራሱ ጉዳይ ያለውም የሌለውም መጥቷል። ከግቢው በር ላይ የአንጎለላ መንገድ መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል። ትርንጎ ጓዟን በአንድ ፌስታል አንጠልጥላለች፤ ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ጋቢ፣ የራስ ቅባት። ወልደየስ ጎኗ ቆሟል፤ ባለጉዳይ ነውና አይናገርም።

አቶ ይኄይስ ውሳኔውን አነበቡ። ረጅም ነው። በመጀመሪያው ገጽ ሲስተሙ ተመሰገነ፣ በሁለተኛው ምስክሮቹ ተመሰገኑ፣ በሦስተኛው ላይ ቁጥሩ ብቸኛ ሆኖ እንዲቀጥል ተወሰነ።

ሹፌሩ በሩን ገፋ አድርጎ ብቅ አለ። «ብቸኛዋ የትኛዋ ናቸው?»

«ይቆዩ፤ ገና አልፈረሙም» አሉ አቶ ይኄይስ። «ወይዘሮ ትርንጎ፣ መስኮት አራት ቀርበው፣ ቁጥርዎን አኃዝ በአኃዝ ጮክ ብለው አንብበው ይፈርሙ።»

ሹፌሩ ፌስታሉን ከእጇ ተቀበላት፤ ጨዋ ሰው ነው። ትርንጎ ቀረበች። ምንተስኖት ቅጹን በመስኮቱ አሾለከላት፤ ዓይኗን አላየም። ካርዷን አነሣች።

በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ነገር ደምራ አታውቅም። ደረጃውን የሚቆጥረው እሱ ነው፤ አዝራሩንም፣ በመንገድ ያለፈውንም ዶሮ። እሷ ጆሮዋን ትደፍን ነበር። አሁን ግን ንዴቷ ሌላ መውጫ አላገኘም።

«አራት» አለች። «ሰባት፤ አሥራ አንድ።»

«ማንበብ ብቻ ነው እናቴ» አለ ምንተስኖት ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እያነበብኩ ነው! አንድ፤ አሥራ ሁለት። ስምንት፤ ሃያ። ዜሮ፤ ያው ሃያ።»

አንድ ሰው ከሰልፉ ውስጥ ሳል አለ። አቶ ይኄይስ ከወረቀታቸው ቀና አላሉም።

«አምስት፤ ሃያ አምስት። ዘጠኝ...» ጣቷን ደረቷ ላይ አንድ በአንድ አጠፈች፤ ጣቷ አልቆ እንደገና ጀመረች። «ሠላሳ አራት። ሦስት፤ ሠላሳ ሰባት። ስድስት፤ አርባ ሦስት።»

የመኪናው ሞተር ከውጭ ይሰማል። ወልደየስ ጣሪያውን ያያል፤ መንጋጋው ተቆልፏል።

«ስድስት...» አለች። ጠፋባት። «ሃምሳ።»

«አርባ ዘጠኝ» አለ ምንተስኖት።

ወረቀት እየበሳ ነበር። መብሳቱን ቀጠለ፤ ከዚያ እጁ መብሻው ላይ ቆመ።

ትርንጎ አላስተዋለችም፤ ወይም ለማስተዋል ጊዜ አልነበራትም። «አርባ ዘጠኝ» አለች። «ሁለት፤ ሃምሳ አንድ። ሰባት፤ ሃምሳ... ሃምሳ ዘጠኝ።»

«ሃምሳ ስምንት!» አለ ሰልፉ።

አንድ ሰው አልነበረም። ጋቢ የተከናነበው ሁሉ ነው ያለው፤ ሻምበል ድንቁ ከሁሉ ጮክ ብሎ፣ ይታጠቁ አፏን በነጠላዋ ሸፍና።

«አንድ» አለች ትርንጎ።

«ሃምሳ ዘጠኝ» አለች የመስኮት ሁለት ሠራተኛ፣ ሻይዋን እንደያዘች።

«ስምንት።»

«ስልሳ ሰባት» አሉ መስኮት አምስትና የበሩ ዘበኛ በአንድ አፍ።

«አራት።»

«ሰባ አንድ!» አለ አቶ ገላጋይ፤ ይህን ጊዜ ምንም አልጨመረበትም።

ትርንጎ ካርዷን ዓይኗ ድረስ አስጠጋች። አንድ አኃዝ ቀርቷታል።

«ሰባት» አለች።

«ሰባ ስምንት» አሉ አቶ ይኄይስ፣ ውሳኔውን ባነበቡበት ድምፅ።

ማንም ማንንም አላየም። ከጠረጴዛው በላይ የአቶ ይኄይስ ቀኝ እጅ ማኅተሙን ይዟል፤ ግራ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ተዘርግቶ፣ አውራ ጣታቸው በማርያም ጣታቸው አንጓ ላይ፣ የመጨረሻዋን ቁጥር በቆጠሩበት ቦታ ቆሟል። ሊያነሡት የፈለጉ መሰሉ። አላነሡትም።

ሹፌሩ በሩ ላይ ቆሞ ትንሽ አሰበ።

«በሦስት፤ ሃያ ስድስት» አለ ለራሱ ያህል። ፌስታሉን ለወልደየስ ሰጠውና መኪናውን ባዶውን ሊነዳ ወጣ።